ክትባት፣ የጋራ መከላከልና የድሬዳዋ ወሰን፦ አማካይ ሽፋን ስለማይነግረን ነገር

መግቢያ

በአማርኛ «ከተበ» የሚለው ግሥ መጻፍንም፣ ቆዳን በጥቂቱ ጭሮ መድኃኒት ማኖርንም ይገልጻል። ክታብና ክትባት ከዚሁ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ክትባት የበሽታውን መልክ፣ በሽታው ራሱ ሳይመጣ፣ በሰውነት መዝገብ ላይ የመጻፍ ሥራ በመሆኑ ይህ የቃል ዝምድና ለጉዳዩ የሚስማማ መግቢያ ነው።

የክትባት ጥቅም ዛሬ ብዙ ክርክር የሚነሣበት ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የተስፋፋ የክትባት መርሐ ግብሩን ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ1974 ወዲህ ባሉት 50 ዓመታት ክትባት ወደ 154 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕይወት እንዳተረፈ፣ ከዚህም ውስጥ ወደ 94 ሚሊዮን የሚሆነው ከኩፍኝ ክትባት የተገኘ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ገምቷል። ጥያቄው ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ከተማ «ከሕፃናቶቼ ይህን ያህሉ ተከትበዋል» ሲል ከተማው በእርግጥ ተጠብቋል ማለት ነውን?

ይህ ጽሑፍ በቅድሚያ ክትባት በግለሰብ ሰውነትና በማኅበረሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያብራራል። ቀጥሎም በድሬዳዋ ከተማ አስተዳደር ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ አንድ ነጥብ ለማስረዳት ይሞክራል፤ ይኸውም የሽፋን አማካይ ቁጥር ብቻውን የመጠበቅ ማስረጃ እንዳልሆነ፣ በተለይም የመንገድና የንግድ መገናኛ በሆነች ከተማ የጋራ መከላከል በአስተዳደር ወሰን ሊለካ እንደማይችል ነው።

ክትባት በሰውነት ውስጥ

አካል ለማያውቀው ተሕዋስ ሲጋለጥ ተገቢውን ምላሽ ለማደራጀት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተሕዋሱ ከቀደመ ሕመም፣ ዘላቂ ጉዳት ወይም ሞት ይከተላል። ክትባት ይህን የጊዜ እሽቅድምድም ለሰውነት እንዲያመች አድርጎ ይለውጠዋል። የተዳከመ ወይም የተገደለ ተሕዋስ፣ የተሕዋሱ ክፍል፣ ወይም ጉዳቱ የተወገደለት መርዙ ወደ ሰውነት ሲገባ ነጭ የደም ሕዋሳት ባዕዱን አካል ይለያሉ፤ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታሉ፤ ከፊሎቹም ማስታወሻ ሕዋሳት ሆነው ይቀራሉ። እውነተኛው ተሕዋስ በኋላ ሲመጣ ምላሹ ፈጣንና ጠንካራ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ክትባቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የሳንባ ነቀርሳ (ቢሲጂ)፣ የኩፍኝና በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ሕያው ግን የተዳከሙ ተሕዋስያንን ይይዛሉ። በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት የተገደለ ቫይረስ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ደግሞ የሚዘጋጀው ጉዳት እንዳያደርስ ከተደረገው የተሕዋሱ መርዝ ነው። የሳንባ ምች አምጪ የሆነውን ኒሞኮከስ የሚከላከለው ክትባት ከባክቴሪያው የስኳር ሽፋን ተወስዶ ከፕሮቲን ጋር የተጣመረ ነው፤ ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ለስኳር ሽፋኑ ብቻውን በቂ ምላሽ ስለማይሰጥ ነው እንዲህ የተደረገው።

የመስጫው ዕድሜም እንዲሁ በዘፈቀደ የተወሰነ አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር የሚሰጠው፣ ከዚያ ቀደም ሲል ሕፃኑ ከእናቱ የወረሳቸው ፀረ እንግዳ አካላት ክትባቱን ሥራ ሊያስፈቱት ስለሚችሉ ነው። ከዚያ በጣም ቢዘገይ ደግሞ ሕፃኑ ሳይጠበቅ ለበሽታው ይጋለጣል። ዘጠኝ ወር የሁለቱ ስጋቶች ማስታረቂያ ነው። በዚህ ዕድሜ ከሚከተቡት ወደ 85 በመቶ የሚሆኑት የመከላከል አቅም ያዳብራሉ። በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው መጠን ዋና ዓላማም የመጀመሪያው ያልሠራላቸውን ልጆች ማግኘት ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን መጠን እንደ ተጨማሪ ማጠናከሪያ ብቻ ቆጥሮ ቸል ማለት ስሕተት ነው።

ከአንድ ሕፃን ወደ ማኅበረሰብ

መንጋጋ ቆልፍን ለንጽጽር እንውሰድ። ተሕዋሱ በአፈርና በእንስሳት እዳሪ ውስጥ ስለሚኖር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጎረቤቱ ሁሉ ቢከተብ ያልተከተበው ሰው አይጠበቅም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚጠበቀው በራሱ ክትባት፣ ጨቅላ ሕፃን ደግሞ በእናቱ ክትባት ነው። ኩፍኝ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቫይረሱ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት ድረስ በአየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ሁሉም ሰው ለበሽታው ተጋላጭ በሆነበት ማኅበረሰብ አንድ የኩፍኝ በሽተኛ በአማካይ ከ12 እስከ 18 ሰዎችን ይይዛል ተብሎ ይገመታል።

የጋራ መከላከል ስሌት የሚነሣው ከዚህ ነው። አንድ በሽተኛ የሚይዛቸው ሰዎች ቁጥር ከአንድ በታች ከሆነ ስርጭቱ በራሱ ይከስማል። አንዱ ለ12 የሚያስተላልፍ ከሆነ ከ12ቱ 11ዱ፣ ማለትም ወደ 92 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ፣ መከላከል ሊኖረው ይገባል። ለ18 የሚያስተላልፍ ከሆነ ደግሞ ከ18ቱ 17ቱ፣ ወደ 94 በመቶ ገደማ። ለኩፍኝ 95 በመቶ ሽፋን በሁለት መጠን የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ አጥር የሚጠቅመው የተከተበውን ብቻ አይደለም፤ ዕድሜው ገና ያልደረሰውን ጨቅላ፣ በሕመም ምክንያት ሊከተብ የማይችለውን፣ ክትባቱ ያልሠራለትንም ጭምር ይጠብቃል።

ስሌቱን በቁጥር እንመልከተው። በአንድ ዓመት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 800ዎቹ አንድ መጠን የኩፍኝ ክትባት ቢወስዱ፣ 80 በመቶ ሽፋን በሪፖርት ላይ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ክትባቱ በ85 በመቶው ላይ ብቻ ስለሚሠራ የተጠበቁት 680 ናቸው፤ ያልተከተቡት 200ና ክትባት ያልሠራላቸው 120፣ በድምሩ 320 ሕፃናት ተጋላጭ ሆነው ይቀራሉ። ይኸው ሁኔታ በየዓመቱ ቢደጋገም በሦስተኛው ዓመት የተጋላጮቹ ብዛት 960 ይደርሳል፤ ይህ ከአንድ ዓመት ውልደት ጋር ሊስተካከል ጥቂት ብቻ የቀረው ቁጥር ነው። ወረርሽኝ መልካም የሚባል ሽፋን ባለበት አካባቢ በየጥቂት ዓመቱ ሲመለስ የምናየው ተጋላጮች እንዲህ በጸጥታ ስለሚጠራቀሙ ነው። በመደበኛው ክትባት ላይ በየጊዜው የኩፍኝ የክትባት ዘመቻ የሚታከለውም ይህን ክምችት ለመቀነስ ነው።

የፈንጣጣ ትምህርት

አማካይ ቁጥር ወሳኝ እንዳልሆነ ከሁሉ በላይ ያስተማረው የራሳችን ታሪክ ነው። ዘመናዊው ክትባት ከመግባቱ በፊት በኢትዮጵያ ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል የተወሰደን ፈሳሽ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ ጭሮ የማኖር ልማድ እንደነበረ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገሪቱን የጎበኙ ተጓዦች መዝግበዋል። ይህ ዘዴ እውነተኛውን በሽታ የሚሰጥ ስለነበረ መከላከልን ከአደጋ ጋር ያጣመረ ነበር። ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 ከላም ፈንጣጣ የተገኘውን ፈሳሽ በመጠቀም አደጋውን እጅግ የቀነሰ መንገድ አሳየ።

በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የዘመቻው ኤፒዲሚዮሎጂስት ከነበሩት መካከል ብራዚላዊው ሐኪም ሲሮ ደ ኳድሮስ ይገኙበታል፤ እኚህ ሰው በኋላ በአሜሪካ አህጉራት ፖሊዮን የማጥፋቱን ሥራ መርተዋል። በሰፊውና ተራራማው አገር ሁሉንም ሰው መክተብ የማይቻል ስለነበረ የተመረጠው ስልት በሽተኛውን ፈልጎ ማግኘትና በዙሪያው ያሉትን ሁሉ መክተብ ነበር። የመጨረሻው የኢትዮጵያ በሽተኛ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 በደቡብ ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ተመዘገበ። በሽታው ግን በዚያው አላበቃም፤ በተፈጥሮ የተከሠተው የዓለም የመጨረሻ ሕመም በቀጣዩ ዓመት በጥቅምት በሶማሊያዋ የመርካ ከተማ ታየ። የዓለም ጤና ጉባኤ የፈንጣጣን መጥፋት ያወጀው በግንቦት 1980 ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የበሽታውን ዕጣ የወሰነው በከተሞች የተደረሰው ከፍተኛ ሽፋን ሳይሆን፣ ከቦታ ቦታ በሚንቀሳቀሱና ከጤና ተቋም በራቁ ሕዝቦች መካከል የቀሩት የመጨረሻዎቹ ኪሶች ነበሩ።

መደበኛው የክትባት መርሐ ግብር

ኢትዮጵያ የተስፋፋ የክትባት መርሐ ግብርን የጀመረችው የፈንጣጣ መጥፋት በታወጀበት በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1980) ነው። በመጀመሪያ ትኩረት የተደረገው በስድስት በሽታዎች፣ ማለትም በሳንባ ነቀርሳ፣ በፖሊዮ፣ በዘጊ አናዳ፣ በትክትክ፣ በመንጋጋ ቆልፍና በኩፍኝ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታቫለንት ሲገባ ሄፓታይተስ ቢ እና ሂብ የተባለው ባክቴሪያ ተጨመሩ። በ2011 የኒሞኮከስ፣ በ2013 ከባድ ተቅማጥ የሚያስከትለው የሮታ ቫይረስ፣ በ2015 በመርፌ የሚሰጥ የፖሊዮ፣ በ2018 የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው፣ በ2019 ሁለተኛው መጠን የኩፍኝ ክትባት ተከትለዋል።

የሕፃኑ መርሐ ግብር በልደት ይጀምራል፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይቀጥላል፤ በ9 እና በ15 ወር ይጠናቀቃል። የስድስተኛውን ሳምንት ክትባት እናቶች በተለምዶ «የ45 ቀን» የሚሉት ነው። ይህ ማለት አንዲት እናት ልጇን ለማስከተብ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ከጤና ተቋም ጋር መገናኘት ይኖርባታል። የመርሐ ግብሩ ብርታትም ድክመትም ያለው በእነዚህ ስድስት ግንኙነቶች ላይ ነው።

በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ያሟሉት 39 በመቶ ሲሆኑ ምንም ክትባት ያላገኙት 16 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ 45 በመቶዎቹ ጀምረው ያላሟሉ ናቸው። የመጀመሪያውን ፔንታቫለንት የወሰዱት 73 በመቶ፣ ሦስተኛውን የወሰዱት 53 በመቶ መሆናቸው ሲነጻጸር፣ ከጀመሩት ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት መንገድ ላይ ቀርተዋል። ሥርዓቱ እነዚህን ሕፃናት አንድ ጊዜ አግኝቷቸው ነበር፤ ያጣቸው በኋላ ነው። በ2019 የተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ ያሟሉትን ወደ 43 በመቶ ቢያሳድግም ሥዕሉ በመሠረቱ አልተለወጠም።

ድሬዳዋ፦ ከፍ ያለ ቁጥር፣ ክፍት ወሰን

በዚሁ የ2016 ዳሰሳ ድሬዳዋ 76 በመቶ ያሟሉ ሕፃናትን በማስመዝገብ ከአዲስ አበባ (89 በመቶ) ቀጥላ ሁለተኛ ሆና ነበር። ከሩቅ ሲታይ የሚያስመሰግን ውጤት ነው። ነገር ግን አስተዳደሩን የሚያዋስኑት ሁለት ክልሎች ውጤት ኦሮሚያ 25 በመቶ፣ ሶማሌ 22 በመቶ ነበር። የኦሮሚያ አማካይ የሰፊውን ክልል ሁሉ እንጂ የምሥራቅ ሐረርጌን ብቻ እንደማያሳይ ማስታወስ ይገባል። ሆኖም አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ ከፍ ያለ ሽፋን ያላት ከተማ ዝቅተኛ ሽፋን ባላቸው አካባቢዎች ተከብባለች።

ድሬዳዋ ደግሞ በሯን ዘግታ የምትኖር ከተማ አይደለችም። የተወለደችው ከባቡር ነው፤ የሐዲዱ ሥራ ከጅቡቲ ተነሥቶ በቦታው የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበር። ዛሬም ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የባቡርና የመኪና መንገድ፣ ከሐረርና ከጅግጅጋ የሚመጣው ንግድ፣ ወደ ቀፊራ ገበያ በየቀኑ የሚገባው የገጠር ነዋሪ ከተማዋን ከዙሪያዋ ጋር አንድ ያደርጓታል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአስተዳደሩ 341,834 ነዋሪዎች ሲሶ የሚጠጉት የገጠር ቀበሌ ነዋሪዎች ነበሩ። ኩፍኝ የሚተላለፈው ሰዎች በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ የመታወቂያ ቀበሌ አይጠይቅም።

ይህች ከተማ ሕዝቧ መከላከል ለሌለው ተሕዋስ ምን ያህል የተጋለጠች እንደሆነች ከሌሎች በሽታዎች ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ በድሬዳዋ ወረርሽኝ አስነሥተዋል፤ የሁለተኛው ተጠርጣሪ ሕሙማን በአስር ሺዎች ተቆጥረዋል። እነዚህ በትንኝ የሚተላለፉ፣ በመደበኛው ክትባት የማይሸፈኑ በመሆናቸው ከኩፍኝ ጋር በቀጥታ አይነጻጸሩም። ተጋላጭ ሕዝብ በተሰበሰበበት መገናኛ ከተማ አንድ ተሕዋስ በሳምንታት ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ግን ያሳያሉ።

ፖሊዮ ነገሩን ይበልጥ ያቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሶማሊያ የገባ የዱር ፖሊዮ ቫይረስ በሶማሌ ክልል እስከ 2014 መጀመሪያ ድረስ 10 ሕፃናትን ለልምሻ ዳርጓል። አፍሪካ በነሐሴ 2020 ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኗ ከተረጋገጠ በኋላም፣ በአፍ የሚሰጠው ክትባት ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ሽፋኑ ዝቅተኛ በሆነ ማኅበረሰብ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ሲዘዋወር ተለውጦ እንደገና ሕመም ማስከተል መቻሉ በኢትዮጵያም ታይቷል። የዚህ ችግር ምንጭ ክትባቱ መሰጠቱ ሳይሆን ለበቂ ሰው አለመሰጠቱ ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ተቃራኒ ምሳሌም አለ። የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ ከሶማሌ ክልል በቀር በኢትዮጵያ መወገዱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲረጋገጥ፣ ክልሉ ተጨምሮ አገሪቱ በሙሉ ማረጋገጫ ያገኘችው በ2017 ነው። የቀረውን ኪስ ለይቶ በዚያው ላይ መሥራት ውጤት እንደሚያመጣ ይህ ያሳያል።

ሕፃናት የሚቀሩት የት ነው?

ከላይ የተነሡት ቁጥሮች ወደ ሦስት ተግባራዊ ጥያቄዎች ይመሩናል።

የመጀመሪያው የአካፋዩ ጥያቄ ነው። የአስተዳደር ሪፖርት ሽፋንን የሚያሰላው የተከተቡትን ሕፃናት ለሚጠበቀው የሕፃናት ቁጥር በማካፈል ነው፤ የሚጠበቀው ቁጥር ደግሞ ከ1999ኙ ቆጠራ በትንበያ የተገኘ ነው። ከሽንሌ ወይም ከምሥራቅ ሐረርጌ ቀበሌ የመጣች እናት ልጇን በድሬዳዋ ጤና ጣቢያ ብታስከትብ ሕፃኑ ከተከተቡት ጋር ይቆጠራል፤ ከሚጠበቁት ጋር ግን አይቆጠርም። በዚህ ጊዜ ሽፋኑ ከእውነታው በላይ ይታያል፤ በጥግ ቀበሌ ወይም በቅርብ በሰፈረ ቤተሰብ ውስጥ ያለው ያልተከተበ ሕፃን በቁጥሩ ጀርባ ይሰወራል።

ሁለተኛው የብልቃጡ ጥያቄ ነው። አንድ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ 10 መጠን ይይዛል፤ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ መወገድ አለበት። አንዲት እናት ብቻዋን ስትመጣ ባለሙያው ዘጠኙን መጠን ላለማባከን «በክትባቱ ቀን ነይ» ሊላት ይፈተናል። ለቁጠባ የታሰበው ውሳኔ አንድ የተገኘን ሕፃን መልሶ ማጣት ይሆናል፤ ለአንድ ቀን ሥራዋን ትታ የመጣች እናት መመለሷ እርግጠኛ አይደለምና። የባከነ መጠን ዋጋ ከወረርሽኝ ዋጋ ጋር ሲመዘን የትኛው እንደሚከብድ ከላይ ያለው ስሌት ይናገራል።

ሦስተኛው የቅዝቃዜ ሰንሰለት ነው። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለባቸው። በድሬዳዋ ሙቀት፣ በተለይ ወደ ገጠር ጤና ኬላዎች በሚደረግ ጉዞ፣ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። በብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት አመልካች ምልክት ክትባቱ ከልክ በላይ ለሙቀት መጋለጡን በቀለም ለውጥ ያሳያል። ነገር ግን እንደ ፔንታቫለንት ያሉ ክትባቶች በብርድ መርጋትም ይበላሻሉ፤ ይህን አመልካቹ አይነግረንም። ሙቀትን በመፍራት በበረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ኃይሉን ባጣ ክትባት የተከተበ ሕፃን በመዝገብ የተጠበቀ፣ በሰውነቱ ግን ተጋላጭ ነው።

ማጠቃለያ

ክትባት ለግለሰቡ የማስታወስ ችሎታን፣ ለማኅበረሰቡ የጋራ አጥርን ይሰጣል። አጥር የሚለካው በአማካይ ቁመቱ ሳይሆን በክፍተቱ ነው። ድሬዳዋ በ2016 ያስመዘገበችው 76 በመቶ ለብዙ አካባቢዎች ምሳሌ ሊሆን ቢችልም ለኩፍኝ ከሚያስፈልገው ደረጃ በታች ነው፤ ከዚህም በላይ ከጎረቤቶቿ ሽፋን ተነጥሎ ትርጉም አይኖረውም።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነጥቦች ለውይይት ሊቀርቡ ይገባል። አንደኛ፣ የአስተዳደሩ የሥራ መለኪያ ከተከተቡት መቶኛ ይልቅ ያልጀመሩና ያቋረጡ ሕፃናት የስም ዝርዝር ቢሆን፣ የከተማና የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚፈልጉትን ሰው ያውቃሉ። ሁለተኛ፣ ድሬዳዋና አዋሳኝ ወረዳዎች የክትባት መዝገብ ቢለዋወጡ ከአንዱ ወሰን ወደ ሌላው የሚሻገር ሕፃን በሁለቱም ዘንድ አይጠፋም። ሦስተኛ፣ በማንኛውም ምክንያት ወደ ጤና ተቋም የመጣ ሕፃን ሁሉ የክትባት ካርዱ ቢታይና ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ብልቃጥ ቢከፈት፣ ዛሬ በየደጃፉ የሚባክነው ዕድል ይተርፋል።

በዚህ ዘርፍ ጥናት ለማካሄድ የሚያስቡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ጥያቄያቸውን ከ«ሽፋኑ ስንት ነው?» ወደ «የቀሩት እነማን ናቸው፣ የት ይኖራሉ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘናቸው መቼ ነበር?» ቢያሸጋግሩት፣ መልሱ ለቀበሌው ባለሙያ በማግሥቱ ሊሠራበት የሚችል ይሆናል።